አንገቱ ያበጠው ግልገል

ባለፈው ወር ስለ ሕፃናት እንቅልፍ ለጻፍኩት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ፤ በሌላ ጊዜ እመለስባቸዋለሁ። የዛሬው ጨዋታችን የሚጀምረው ከበግ ጋጣ ነው። «የቤተሰብ ዓምድን ከበግ ጋጣ ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፤ ጥቂት ታገሱኝ።

አማቴ የሚኖሩት ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ሳጉሬን አለፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። ከቤታቸው ደጃፍ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ጭላሎ ጉም ለብሶ ይታያችኋል። ገብስ፣ ባቄላና ድንች ያመርታሉ፤ ሁለት የሚታለቡ ላሞችና ጥቂት በጎች አሏቸው። ካቻምና ፋሲካን አብረን ልንውል ልጆቹን ይዘን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ሌሊት አንዲት በግ ወለደች።

ጠዋት ልጆቼ ግልገል ለማየት እየሮጡ ወጡ፤ ሲመለሱ ዝም ብለው ነበር። ሄጄ አየሁት። ግልገሉ ተጋድሟል። ሰውነቱ እንደ ሌሎቹ በጸጉር አልተሸፈነም፤ ቆዳው ከነመጨማደዱ ይታያል። አንገቱ ላይ፣ ከመንጋጋው ሥር፣ ግራና ቀኝ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ለስላሳ እብጠት አለ። እግሩን መትከል አቃተው። እንገሩን አልበን በጡጦ ብንሰጠውም የመሳብ ጉልበት አልነበረውም።

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አምናም የዚችው ልጅ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተብኝ። የሰው ዓይን ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣ። ወጣት ነው። ግልገሉን ዳበሰ፤ የእናትየዋን አንገትም ዳበሰ። ከዚያ መርፌ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጀመረ።

«እማማ፣ ይቺ በግ ከገና ወዲህ ምን ስትበላ ነው የቆየችው?»

«የሚበላ መች አለ ልጄ! ድርቆሹ ሲያልቅ ከመስኖው ማሳ የሚጣለውን የጥቅል ጎመን ቅጠል እየለቀምን ስንሰጣት ከረምን።»

«ጨውስ ይሰጧታል?»

«አሞሌ ተቀምጦላታል፤ ትልሳለች።»

ወጣቱ ተነስቶ እጁን ታጠበ። «እንቅርት ነው፣ እማማ» አለ። «የተጎዳው ከመወለዱ በፊት ነው። ዓይን አይደለም፤ ጨው ነው፣ ጎመኑም አግዞታል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቅርት የሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ አንገታቸው ላይ እንቅርት ያላቸው እናቶችን ገበያ ውስጥ አይ ነበር፤ ሕመም ነው ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም፣ እንደ መልክ ነበር የሚታየው። ግልገሉ በሁለተኛው ሌሊት ሞተ፤ ልጆቼ ከጓሮው ጥግ ቀበሩት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። የባለቤቴ ታናሽ እህት በዚያው ቤት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሦስተኛ ወሯ። የምትበላው ወጥ ውስጥ የሚገባውን ጨው ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አፉ ከተከፈተ ጆንያ በጣሳ ተሰፍሮ የመጣ፣ ምድጃው አጠገብ ክዳን በሌለው ዕቃ የተቀመጠ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የእንስሳትም የሰውም ሐኪሞችን ጠየቅሁ። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች፣ የቢራቢሮ ክንፍ የምትመስል ትንሽ ዕጢ ናት። ሥራዋ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም እየለቀመች ሆርሞን መሥራት ነው። ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ቲ ፎር» ተብሎ የሚጻፈው ሆርሞን «ፎር» የተባለው እያንዳንዷ ቅንጣት አራት አዮዲን ስለምትይዝ ነው። አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ የለም፤ ሰውነት በሌላ ነገር ሊተካው አይችልም።

እብጠቱስ ከየት ይመጣል? አንድ ዳቦ ቤት አስቡ። ዱቄት አጥሯል፣ ደንበኛው ግን «ዳቦ!» እያለ ይጮሃል። ባለቤቱ ዱቄት ማምጣት ሲያቅተው ሠራተኛ ይጨምራል፣ ሌላ ምድጃ ይሠራል፣ ቤቱን ያሰፋል። ዳቦው ግን አልበዛም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢም በደም ውስጥ ሆርሞኑ ባነሰ ቁጥር ታይሮይድን «ሥሪ!» እያለች ታዛለች፤ ታይሮይድም ታብጣለች። እንቅርት ማለት ዱቄት አጥታ የሰፋች ዳቦ ቤት ናት። ግልገሉ በእናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ የራሱ ዕጢ ይህንኑ ስትሠራ ኖራ ነው የተወለደው።

ለዐዋቂ ሰው የሆርሞኑ ማነስ ድካም፣ ብርድ፣ ድብርት፣ የክብደት መጨመር ያመጣል። መድኃኒት ሲጀመር አብዛኛው ይመለሳል። ገና በመሠራት ላይ ላለ አካል ግን ሆርሞኑ የግንባታው አዛዥ ነው፤ ለአንጎል ሕዋሳት የት እንደሚሄዱና መቼ እርስ በርስ እንደሚያያዙ፣ ለአጥንት መቼ እንደሚጠነክር፣ ለበግ ቆዳ መቼ ጸጉር እንደሚያበቅል የሚነግረው እሱ ነው። ትእዛዙ በሰዓቱ ካልደረሰ ሥራው ይዘለላል።

ይህን በጣም ቁልጭ አድርጋ ያሳየችው እንቁራሪት ናት። እ.ኤ.አ. በ1912 ፍሬድሪክ ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ ገና ጭራ ይዘው ውሃ ውስጥ ለሚዋኙ የእንቁራሪት ግልገሎች ከእንስሳት የተወሰደ ታይሮይድ አበላቸው። ያለ ጊዜያቸው ጭራቸው ጠፍቶ፣ እግር አውጥተው፣ ዝንብ የምታክል እንቁራሪት ሆኑ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ታይሮይዷን አውጥተው ሲያዩ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ግልገሎቹ እየተለቁ፣ እየተለቁ ሄዱ እንጂ እንቁራሪት መሆን አልቻሉም። ዛሬ አንድ ኬሚካል ታይሮይድን ያውካል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከሚመረመርባቸው መንገዶች አንዱ እነዚህን ባለ ጭራ ግልገሎች ኬሚካሉ ባለበት ውሃ ውስጥ አሳድጎ እግር ማውጣታቸውን መከታተል ነው።

የኛ ግልገል ዓይነት ታሪክም አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ሞንታና ግዛት አሳማዎች ጸጉር አልባ፣ አንገታቸው ያበጠና የሞቱ ግልገሎችን እየወለዱ ገበሬውን አስለቅሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ሃርት እና ስቲንቦክ የተባሉ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ነገሩን ከአዮዲን ጋር አያያዙት፤ እርጉዞቹ አዮዲን ሲያገኙ ችግሩ ቀረ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የባሲል ሄትዝል ሥራ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች በሠራውና እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው ጥናት፣ ለእናቶች ከእርግዝና በፊት አዮዲን ያለው ዘይት በመርፌ ሲሰጥ አእምሯቸውና ሰውነታቸው በጽኑ የተጎዳ ልጆች መወለድ ሊቀር እንደሚችል ታየ። መርፌው ሲሰጣቸው ቀድሞውኑ አርግዘው ለነበሩት ግን ለአንዳንዶቹ ረፍዶ ነበር። ሄትዝል ወደ አገሩ ተመልሶ በአደሌድ በበጎች ላይ ቀጠለ። አዮዲን የጎደለው መኖ የበሉ በጎች የፀነሷቸው ግልገሎች አንጎል ገና በእርግዝናው አጋማሽ ክብደቱ ቀንሶ ተገኘ። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። የጋጣው ባለቤት ሆዷ መግፋቱን ሳያስተውል ጉዳቱ ተጀምሯል ማለት ነው።

የሰው ፅንስም የራሱ ታይሮይድ ሥራ የምትጀምረው ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ግድም ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሆርሞን ሁሉ የሚያገኘው ከእናቱ ነው። የእህታችንን «ሦስተኛ ወር» ሳስብ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ አሁን ገባችሁ።

ለምን አርሲ? አርሲ ብቻ አይደለም። አዮዲን በዝናብ እየታጠበ ወደ ባሕር የሚወርድ ነገር ነው፤ በዓለም ዙሪያ ተዳፋት መሬትና ብዙ ዝናብ ያላቸው ደጋዎች የእንቅርት አገር ሆነው ኖረዋል። ስዊዘርላንድ ሳትቀር። አፈሩ ሲያጣ ሣሩ ያጣል፤ ሣሩ ሲያጣ በጓ፣ ላሟ፣ ወተቱ ያጣል። ወተቱን የሚጠጣው ልጅም እንዲሁ። አርሲ የወተት አገር መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው፣ የአሰላ ሰው ዛሬም «ካዱ» እያለ የሚያስታውሰው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ጋር ሲያዳቅል ኖሯል። ዲቃላዋ ብዙ ትታለባለች፤ በወተቷ ብዙ አዮዲን ታወጣለችና የምትፈልገውም ከአገሬዋ ላም ይበልጣል።

የጨው ነገር ደግሞ የታሪክ ጉዳይ አለበት። ድሮ የምንበላው ጨው በአብዛኛው ከምጽዋና ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ አዮዲንም ይጨመርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና አገሩ ወደ አፋር፣ በተለይም ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ እሱ ግን አዮዲን አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 39.9 በመቶው፣ በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ደግሞ 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። በዚያው ጥናት እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ፅንስ የማጣት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። አማቴ «አምናም ሞተብኝ» ያሉት ስለ በግ ነው፤ ስንት እናት ስለ ራሷ እንዲህ ብላ ይሆን?

ከዚያ ደንብ ቁጥር 204/2003 ወጥቶ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ግድም ነበር፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሰ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን «አለው» እና «በቂ አለው» ይለያያሉ፤ በቂውን ያገኘው ቤት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። አሞሌው ደግሞ ከመሬት ተቆርጦ እንደ ወጣ በግመል የሚወርድ ነው፤ ከፋብሪካው ደጅ አልደረሰም። ስለዚህ ቤቱ አዮዲን ያለው ጨው ሲገዛ እንኳ ጋጣው እንደ ጥንቱ ይቀራል።

ወደ ጎመኑ ልመለስ፤ እንዳልዋሸው። የጎመን ዘር የሆኑት ሁሉ (አበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ጎመንዘር፣ ሰናፍጭ) ውስጥ ያለው ቅመም ሲፈጭና ሲታኘክ ወደ ሌላ ኬሚካል ይለወጣል፤ ያ ኬሚካል አዮዲን ወደ ታይሮይድ የሚገባበትን በር ይዘጋል፣ አንዳንዱም ዕጢዋ ውስጥ ገብቶ ሆርሞኑ እንዳይሠራ ያውካል። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ጥንቸሎችን ለሌላ ጥናት ጎመን ሲያበሉ የነበሩ ሰዎች ሳያስቡት አንገታቸው ያበጠ ጥንቸሎች አገኙ፤ ነገሩ የታወቀው እንዲህ በአጋጣሚ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥም እርጉዝ በጎች ክረምቱን የጎመን ዘር መኖ ሲግጡ ከከረሙ እንቅርት ያለባቸው ግልገሎች ይወልዳሉ። የጎመንዘር ፋጉሎም ከዚሁ ወገን ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ግን አይደለም።

እባካችሁ ከዚህ ተነስታችሁ ጎመን ከማዕድ እንዳታወርዱ! እኛ ጎመን ቀቅለን ነው የምንበላው፤ ሙቀቱ ቅመሙን የሚለውጠውን ኢንዛይም ይገድላል፣ ውሃውም ብዙውን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሌላ ሌላም እንበላለን። በጓ ግን ጥሬውን፣ ለወራት፣ ያለ አዮዲን በላችው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በአርሲ ደጋ ድንች የሚያመርት ሁሉ ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉን የሚያቃጥለውን በሽታ ለመከላከል ማንኮዜብ ይረጫል። ይህ መድኃኒት ሲፈርስ የሚወጣው ኬሚካል የታይሮይድን ሆርሞን ሥራ እንደሚያግድ በአይጦች ላይ በደንብ ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ማንኮዜብን ከፈቃድ ዝርዝሩ ያወጣው ለፅንስ ስለሚያሰጋና ሆርሞን ስለሚያውክ ነው። በእኛ ግልገል ላይ ማንኮዜብ ድርሻ ነበረው ማለቴ አይደለም። ግን በአማቴ ጓሮ ያየሁትን ልናገር፤ የመድኃኒቱ ባዶ ከረጢት ታጥቦ የአሞሌ ማስቀመጫ ሆኗል። መርጫውን በጀርባው ያዘለው ልጅም ጓንት አላደረገም። ነፍሰ ጡር ሴት እንኳን ልትረጭ፣ የረጩበትን ልብስ ማጠብም የለባትም፤ ባዶ ዕቃውም ለጨው፣ ለውሃ፣ ለወተት አይሁን።

አማቴን ማሳመን ቀላል አልነበረም። በሚቀጥለው ጉዟችን የታሸገ ጨው በካርቶን ጭኜ ሄድኩ። «ለበግ የታሸገ ጨው?» ብለው ሳቁ፤ ጎረቤቶቻቸውም ሰምተው ሳቁ። ያ ባለሙያ ግን ከእኔ ይልቅ ይሰማል፤ አስረዳቸው። ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር፤ ነጣ እንዲል ብሎ አለማጠብ (አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል)። ለእርጉዝ በግና ለምትታለብ ላም ከዚያው ጨው በሳህን ማቅረብ። የጎመን ቅጠል ሲኖር ከድርቆሽና ከገለባ ጋር ማደባለቅ እንጂ እሱን ብቻ አለመስጠት።

«እንግዲህ አዮዲን መልካም ከሆነ ለቁስል የሚቀባውን ላጠጣት?» ብለው ጠየቁ አማቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ «በፍጹም» ነው። አዮዲን ሲበዛም የፅንስን ታይሮይድ ያስቆማል። በአዮዲን የበለጸገ የባሕር ሣር አብዝተው የተመገቡ ባዝራዎች እንቅርት ያለባቸው ውርንጭላዎች እንደ ወለዱ ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት የሚመክረው በቀን 250 ማይክሮግራም ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው። ማሟያ እንክብል የሚያስፈልጋት ከሆነ ሐኪሟ ይወስን።

እህታችንን ግን አሰላ ለምርመራ ይዘናት ሄድን። ደሟ ተመረመረ፤ የታይሮይድ ሆርሞኗ ደህና ነው ተባለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተኛሁ። ሲነጋ አማቴ «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ለበጓ ነበር የምታስቢው ብዬ» አሉኝ።

የተወለደ ሕፃን ላይ ምን እንደሚታይ የሚጠይቁ እናቶች አይጠፉም። ቢጫነቱ ሳይለቅ ከሁለት ሳምንት የሚያልፍ፣ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ ለቅሶው የሻከረ፣ ምላሱ ገዘፍ ያለ፣ እትብቱ አካባቢ የሚያብጥ ሕፃን ካለ «ጸባየኛ ነው፣ አያለቅስም» ብላችሁ አትለፉት። ምንም ምልክት የማይታይባቸውም አሉ፤ ብዙ አገሮች ሕፃን ሁሉ በተወለደ በቀናት ውስጥ ከተረከዙ የደም ጠብታ ወስደው የሚመረምሩት ለዚህ ነው። የጎደለው ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሰጠት ከጀመረ አብዛኞቹ ልጆች እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። ሐኪማችሁን ስለ «ቲ ኤስ ኤች» ምርመራ መጠየቅ አያሳፍርም።

እህታችን በጥቅምት ሴት ልጅ ወለደች። በጓም ዘንድሮ ደግማ ወለደች፣ መንታ። ስልኩን ያነሳሁት ሌሊት ነበር፤ አማቴ ሰላምታም ሳያስቀድሙ «አንገታቸውን ዳብሻለሁ፣ ምንም የለም፤ ጸጉራቸውም ሙሉ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ስቆባቸው የነበረው ጎረቤት ጨው ሊበደር መጥቶ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ ከየትኛው ዕቃ እንደሰጡት ግን አልነገሩኝም።